ጋሽ ቆይ እስቲ እና ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ቤቶች

ሥራ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ አንድ «ቆይ እስቲ» የሚል ሰው አይጠፋም። ፋብሪካም ይሁን ባንክ፣ ሆስፒታልም ይሁን ማተሚያ ቤት፣ ግድ የለም። ሁሉም ነገር አልቆ፣ ሰዉ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ የአንዱ እጅ መብራቱን ሊያጠፋ ማብሪያው ላይ ሲያርፍ፣ ከወደ ጥጉ ጉሮሮ ይጠረጋል። «ቆይ እስቲ።» እናንተ ዘንድም አለ። የለም የምትሉ ካላችሁ ምናልባት ሰውዬው ራሳችሁ ትሆናላችሁና ጠርጥሩ።

የእኛው እጅግ የከበሩ ናቸው። ከፊታቸው «ጋሼ» እንላቸዋለን፤ ከኋላቸው ግን ክቡር ጋሽ ቆይ እስቲ፣ የሰንጠረዦች ሁሉ ጠባቂ፣ ከነጥብ በኋላ ያሉ አሃዞች ዋና መርማሪ ናቸው። አንድ እጅጌው ያለቀ ሹራብ አላቸው፤ ያለቀውም ጠረጴዛው ላይ ተደግፈው ቁጥር ሲያዩ ነው። ሌላኛው እጅጌ ደህና ነው።

መሥሪያ ቤታችን ምን እንደሚሠራ ለአክስቴ ለማስረዳት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ እሷ ግን አሁንም «የሰው ኪስ ትቆጥራላችሁ» ነው የምትለው። ነገሩ እንዲህ ነው። በየአገሩ ጠያቂዎች የሰው በር እያንኳኩ፣ ስንት ታገኛላችሁ፣ ቤቱ የራሳችሁ ነው ወይ፣ ሌላ ምን ሀብት አላችሁ እያሉ ይጠይቃሉ። አንዱ አገር በሳምንት ይጠይቃል፣ ሌላው በወር፣ ሌላው በዓመት። አንዱ አገር ላም ይቆጥራል፣ ሌላው አክሲዮን። እኛ ይህን ሁሉ ተቀብለን፣ አገር ከአገር እንዲነጻጸር አንድ መልክ አስይዘን፣ በየስድስት ወሩ እያደስን ለተመራማሪዎች እንለቃለን። አገሮቹን በቁጥር ነው የምንጠራቸው፤ ሦስተኛዋ፣ አሥራ ሁለተኛዋ፣ እንዲህ እያልን። ጋሽ ቆይ እስቲ ደግሞ ከመለቀቁ በፊት የመጨረሻው ዐይን ናቸው። ወይ የመጨረሻው ዐይን!

አዲሱ ጥበቃ ሥራ የጀመረ ቀን ሻይ ጋበዙት። እኛ ደግነት መስሎን ነበር።

«ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?» አሉት።

«አምስት።»

«ቆይ እስቲ። ከአንድ ድስት የምትበሉት ነው አምስት?»

ጥበቃው ጭንቅላቱን አከከ። «እ… የባለቤቴ ወንድም ማታ ማታ እኛ ጋ ይበላል። የሚያድረው ግን ጓደኛው ጋ ነው።»

«ለምግቡ ያዋጣል?»

«ኸረ ጋሼ፣ እኔስ የምለው እሱን አይደል!»

ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ሰውዬው ስንት ቤተሰብ እንዳለው ሳያውቅ ወደ በሩ ተመለሰ። በሳምንቱ የሚስቱ ወንድም ማዋጣት ጀመረ አሉ። ጋሽ ቆይ እስቲም «ስድስት ናቸው» ብለው ዐረፉ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ በአንዲት አገር የጽዳት ሠራተኞች የዓመት ገቢ ከጎረቤት አገር አቻዎቻቸው ገቢ ሩቡን እንኳ አልሞላ አላቸው። እኔ ብሆን «ድሃ አገር ናት» ብዬ አልፈው ነበር። እሳቸው ስልክ አንሥተው የዚያን አገር ባለሙያ አስቀረቡ። «ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። አንዲት ጥያቄ ነበረችኝ። እናንተ ዘንድ ዓመት ስንት ሳምንት ነው?» ከወዲያ ያለው ሰው የሰደቡት መሰለው። ለካስ የሳምንቱን ገቢ በአሥራ ሁለት አባዝተውት ኖሯል። እዚያ የሚሠራው ሰው እስከ ዛሬ በየበዓሉ የመልካም ምኞት ካርድ ይልክላቸዋል፤ ምን ያህሉ ፍቅር፣ ምን ያህሉ ፍርሃት እንደሆነ አላውቅም።

እንግዲህ እንዲህ ካሉ ሰው ጋር አራት ዓመት ሠርቻለሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ብዙ ቀን አንጀቴ አርሯል። በተለይ ያን ሰኞ።

ሐሙስ የታደሰው ዳታ የሚለቀቅበት ቀን ነበር። በወሩ መጨረሻ ደግሞ የእኔ ውል ያልቃል። ልጄን ትምህርት ቤት አስመዝግቤያለሁ፣ የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ ውሉ ካልታደሰ የምገባበት የለኝም። የአሥራ ሰባተኛዋን አገር ፋይል ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ ለተመራማሪዎቹ የሚሄደውን ደብዳቤም ጽፌ ጨርሻለሁ። «በአሥራ ሰባተኛዋ አገር ድህነት በሚያስደስት ሁኔታ ቀንሷል» ይላል። «በሚያስደስት ሁኔታ» የምትለዋን ራሴ ነኝ የጨመርኳት።

ጠዋት ገና ኮቴን ሳላወልቅ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመዋል።

«ቆይ እስቲ።»

«አቤት ጋሼ።»

«አሮጊቶቹ የት ሄዱ?»

«የትኞቹ አሮጊቶች?»

«የአሥራ ሰባተኛዋ አገር። ብቻቸውን የሚኖሩት። ባለፈው ዙር ስሌት ውስጥ ሦስት መቶ አርባ ነበሩ። አሁን መቶ ሰባ ናቸው።»

«ሞተው ይሆናላ!»

«ሁሉም ባንዴ?» አሉ፤ በእውነት ደንግጠው።

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። እሳቸው ግን ምሳ ሰዓት በየጠረጴዛው እየዞሩ ያንኑ ጠየቁ፤ ሰዉ ሳቀ። አንዷ የሒሳብ ክፍል ልጅ «ባል አግብተው ነው ጋሼ» ብላ ቤቱን በሳቅ አፈረሰችው። እኔም ስቄያለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ወረቀት ይዘው መጡና እርሳሳቸውን አንድ መስመር ላይ አሳረፉ።

መስመሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በአሥራ ሁለተኛዋ አገር ጠያቂዎቹ፣ ሰው ገቢዬን አልናገርም ሲላቸው ዜሮ የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። ስለዚህ «ዜሮ ከሆነ ያልተመለሰ ጥያቄ ነውና ከስሌቱ አውጣው» ብዬ ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ ሰጥቼ ነበር። ልክ ነው። ከዚያ ግን ያንኑ ትእዛዝ ገልብጬ አሥራ ሰባተኛዋ አገር ላይ ለጠፍኩት። እዚያ ደግሞ ዜሮ ማለት ዜሮ ነው። ጠያቂው «ገቢ አለዎት?» ብሎ፣ ሰዎቹ «የለኝም» ብለው የመለሱበት ነው። ምንም የሌላቸው ሁለት መቶ አሥራ አራት ቤቶች፣ አብዛኞቹ የብቸኛ አሮጊት ቤቶች፣ በእኔ አንዲት መስመር ከአገሪቱ ወጡ። ድህነት የቀነሰው ድሆቹን ስላወጣኋቸው ነው።

ቀልቤ ተገፈፈ። ዞር ዞር ብዬ ሰው አለመኖሩን አየሁና፣ ዛሬ ስጽፈው የማፍርበትን ነገር ተናገርኩ።

«ጋሼ፣ በሚቀጥለው ዙር እናስተካክለው። ስድስት ወር ነው። የእኔን ነገር ያውቃሉ። ማንም አላየውም እኮ፤ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምነው በተቆጡኝ። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና የጠያቂዎቹን ማስታወሻ ከፈቱ። በየመጠይቁ መጨረሻ ጠያቂው ያየውን በራሱ ቃል የሚጽፍበት ባዶ ቦታ አለ። ለስሌት ስለማይሆን ከእሳቸው በቀር የሚያነበው የለም። ዝግ ብለው ማንበብ ጀመሩ።

«ብቻዋን ናት። ልጄ ይልክልኛል አለች። ስንት ስላት፣ ዘንድሮ አልላከም አለች።»

«ከጎረቤት ትበላለች። ጎረቤቷ በሩ ላይ ቆማ ስለነበር፣ እንዳትሰማ ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ።»

«አንድ ወንበር ብቻ ስለነበራት እኔን አስቀምጣ እሷ ቆማ መለሰች።»

ዘጠነኛው ማስታወሻ ላይ ሲደርሱ «ይብቃ ጋሼ» አልኩ። አንዲት የዚያ አገር ተመራማሪ በወሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ የላከችልኝ ኢሜይልም ትዝ አለኝ። ለአረጋውያን የሚሰጠው ድጎማ ይቀነስ አይቀነስ ክርክር ተይዟል፣ ቁጥራችሁን እየጠበቅን ነው ይላል። እኔም «በሚያስደስት ሁኔታ» ብዬ ልልክላት ነበር።

ተነሥቼ ወደ ኃላፊያችን ሄድኩ። ጋሼ አልተከተሉኝም።

«ማን ነው ያየው?» አለች።

«ጋሼ።»

«የማን ስሕተት ነው?»

«የእኔ።»

መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን አሸች። «ሐሙስ የለም ማለት ነው።»

«የለም።»

ከዚያ መሳቢያዋን ስባ አንድ ቅጽ አወጣች። መልቀቂያ ቀን የሚያስቀር ስሕተት የሠራ ሰው ውሉ በኮሚቴ ነው የሚታየው፤ ኮሚቴው ደግሞ ከክፍሉ አንጋፋ ሠራተኛ የጽሑፍ ምስክርነት ይፈልጋል። አንጋፋው ማን እንደሆነ ልነግራችሁ አያስፈልግም። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ስትሰማ «ወይኔ፣ በቃ አለቀልህ!» አለችኝ። ልጅቷ በማጽናናት አትታወቅም፤ ግን እኔም ያሰብኩት ያንኑ ነበር። እኚህ ሰው ለገዛ ሚስታቸው ሲመሰክሩ እንኳ አንዲት ቃል የሚያለዝቡ አይመስለኝም።

ቅጹን ሦስት ቀን ያዙት። በእነዚያ ቀናት ቀና ብለው አላዩኝም። የድሮ ፋይሎቼን አንድ በአንድ እየከፈቱ፣ በእርሳስ ምልክት እያደረጉ፣ ሲያገላብጡ አይቻለሁ። ማታ ለባለቤቴ «ሰውዬው መቃብሬን እየለካ ነው» አልኳት። እሷ ግን «ለምን ሄደህ አትጠይቃቸውም?» አለች። ምን ቆርጦኝ!

በአራተኛው ቀን ኮሚቴው ተሰበሰበ። ከሰዓት ኃላፊዋ ጠርታ ውሌ ለሁለት ዓመት መታደሱን ነገረችኝና፣ ምስክርነቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። በዚያች ደቃቃ የእጅ ጽሑፋቸው እንዲህ ይላል፦

«በአራት ዓመት ሥልሳ አንድ ፋይል ሠርቷል። ሁሉንም እንደገና አየሁ። ስሕተት፦ አንድ። ከመለቀቁ በፊት ራሱ ሄዶ ተናግሯል። በዚሁ አራት ዓመት የእኔ ስሕተት አራት ነው። እኔን ካቆያችሁኝ እሱንም አቆዩት።»

ላመሰግናቸው ብሄድ «ቆይ እስቲ፣ ይቺን ልጨርስ» ብለው መለሱኝ።

ዳታው ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ወጣ። ሁለት መቶ አሥራ አራቱ ቤቶች ተመለሱ፤ ድህነትም እንዳላሸነፍነው ታወቀ። ተመራማሪዋ «አሁን በመንገዴ የማየውን ይመስላል» ብላ ጻፈችልኝ። የድጎማው ነገር ምን ላይ እንደደረሰ ገና አልሰማሁም።

አንድ ነገር ግን ሲከነክነኝ ከረመ። እኛ ቤት እያንዳንዱ እርማት ከነቀኑና ከነባለቤቱ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የጋሼን አራት ስሕተቶች ላያቸው ፈለግሁ፤ ክፋት አይደለም፣ እሳቸውም ይሳሳታሉ ማለትን ማመን አቅቶኝ ነው። አንዷን አገኘሁ፤ የአንድ ዓመት ቁጥር ቦታ ተዛውሮባቸው በማግስቱ ያረሟት። ሦስቱን ግን ሳምንት ሙሉ ፈለግሁ። አራቱን ዓመት ሁለት ጊዜ አገላበጥኩ። የሉም። ኖረውም አያውቁም።

ለሰው ሁሉ ነጥብ አላሳልፍ ያሉት ሰውዬ፣ እያወቁ፣ የተሳሳተ ቁጥር ጽፈው ፈርመዋል። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ከእነፊርማቸው ፋይል ውስጥ አለ። እንዲታረም አላመለከትኩም።