ለምለም አፏን ስትከፍት

ትናንት ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ አቶ አንዳርጌ ሶፋቸው ላይ እንደተቀመጡ ሸለብ አደረጋቸውና ሕልም አዩ።

ሕልሙ ስለ ለምለም ስለሆነ መጀመሪያ ስለ እሷ ማወቅ ይበጃል። ለምለም እስስት ናት። ክረምቱ ሲገባ፣ ለመንገድ ማስፊያ ተቆርጦ ከወደቀ ግራር ላይ አንዲት ቅርንጫፍ ጨብጣ አገኟት። የሰፈሩ ሰው ዙሪያዋን ከቦ "እንዳትነኳት! ከነከሰች አህያ ካልጮኸ አትለቅም!" እያለ ሲጯጯህ፣ እሳቸው ባርኔጣቸውን ገልብጠው ከነቅርንጫፏ አስገቧትና ቤታቸው ይዘዋት ገብተው ከሽቦ በሠሩላት ሳጥን ውስጥ አኖሯት። አቶ አንዳርጌ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አንዱ ዐይኗ ፊት ፊቱን፣ ሌላው የኋላውን ሲያይ ቢመለከቱ "ይቺስ ለሹፌርነት የተፈጠረች ናት" አሉና ወደዷት። እንስሳ አሳድገው አያውቁም። ልጆቻቸውም ያደጉት እሳቸው መንገድ ላይ ሳሉ ነው። ከእጃቸው የጎረሰ ፍጡር ቢኖር ለምለም የመጀመሪያዋ ነበረች።

መጀመሪያ መጀመሪያ ዝንብና ፌንጣ እያሳደዱ ያመጡላት ነበር። ኋላ ፍልሰታ ገባች። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታለማሁ ወገባቸውን ይዘው "በእኔ ቤት ፍልሰታን ሕፃን እንኳ ይጾማታል። በአንተ አውሬ ምክንያት ዐይኔ እያየ ሥጋ አይበላባትም" ብለው ቁርጡን ተናገሩ። አቶ አንዳርጌ ሚስታቸውን ማስቀየም አልፈለጉም፤ እግዜርንም እንደዚያው። ስለዚህ ለምለም ጾመች። እንጀራ በሽሮ ድብልብል እያደረጉ ያጎርሷት ጀመር። እጃቸው ሲጠጋት አፏን ወለል አድርጋ ትከፍታለች። ጉርሻ ለምዳ ነው እያሉ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም።

ለምለም ግን እየሰነበተች ሄዳ እንደ ከሰል ጠቆረች። ዐይኖቿ ወደ ውስጥ ሰረጎዱ። ትናንት ጠዋት ጭራሽ አልገለጠቻቸውም። አቶ አንዳርጌ ትሞትብኛለች ብለው ፈሩ። ከቅዳሴ መልስ የቀረበላቸውን እንኳ በቅጡ አልቀመሱም። እንቅልፍ የጣላቸው ይህንኑ ሲያብሰለስሉ ነው።

በሕልማቸው መንገድ ዳር ቆመዋል። መንገዱ እየተቆረጠ ነበር። እስስቶች መጋዝ ይዘው፣ ቸኩለው የማያውቁ ፍጡራን ናቸውና ቀስ እያሉ፣ አስፋልቱን ይገዘግዙታል።

"ምን እየሠራችሁ ነው?" አሉ አቶ አንዳርጌ።

"ዛፉን እናሰፋለን" አለ አንዱ፣ አንድ ዐይኑን ብቻ ወደ እሳቸው መልሶ። "መንገዱ መተላለፊያ አሳጣው።"

አስፋልቱ ተገንድሶ ሲወድቅ ሰዎች አብረውት ወደቁ። አንዷ ጀበና የመሰለ ነገር እንደያዘች፣ አንዱ ፂሙን ግማሽ እንደተላጨ። ማንም አልጮኸም። ፌርማታው ላይ አውቶቡሶች ረጅም ሰልፍ ይዘው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ብርድ ላይ ስለቆሙ አንዳንዶቹ ያስላሉ። አንድ አሮጌ አውቶቡስ አቶ አንዳርጌን ሲያይ ከሰልፉ ወጥቶ መጣ። ዕድሜ ልካቸውን የነዱት ነበር።

"ጎንበስ ይበሉ እስቲ፣ ልሳፈር" አላቸው።

"ኧረ ትከሻዬ አይችልህም!"

"የእኔስ ሲችል አልኖረም?"

ጎንበስ ሊሉ ሲሉ ከላያቸው ጥላ አረፈባቸው። ቀና ቢሉ ለምለም ናት። ቁመቷ ፎቅ ያህላል። የአንድ ቤት ጣሪያ ገልብጣ እንደ ባርኔጣ ይዛለች።

"ሰው አገኘሁ!" አለች። "ከፈረሰ ሰፈር ወድቆ ሰው አገኘሁ!"

ዙሪያዋን እስስቶች ተሰበሰቡ። "ኧረ እንዳትነኪው!" አሏት። "ሰው እኮ ገደ ቢስ ነው። ከነከሰ አህያ ቢጮኽም አይለቅም።"

"እኔ አልናከስም" አሉ አቶ አንዳርጌ። አፋቸው ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣቸውም። ለምለም አንስታ ጣሪያው ውስጥ ጨመረቻቸውና ወደ ቤቷ ወሰደቻቸው።

ቤቷ የራሳቸው ሳሎን ነበር፤ ብቻ ተገልብጧል። ሶፋው ከኮርኒሱ ተንጠልጥሏል፤ አምፖሉ ከወለሉ በቅሏል። ቴሌቪዥኑ ቁጭ ብሎ የለምለምን ቤተሰብ ያያል፤ ሲሰለቸው ይቀይራቸዋል። ለምለም እሳቸውን ከሽቦ በተሠራ ሳጥን ውስጥ አንድ አግዳሚ እንጨት ላይ አስቀመጠቻቸው። ሳጥኑ ወለል አልነበረውም። በእጃቸውም በእግራቸውም ጨብጠው ተቀመጡ።

ውሃ ጠማቸው። ለምለም ቅጠል አመጣችና ከላዩ ጠብ ጠብ አደረገችላቸው። ውሃ በብርጭቆ የለመዱ ሰውዬ ቅጠል ሲልሱ ዋሉ፤ ጥማቸው ግን አልቆረጠላቸውም። እሳቸውም ለእሷ ሲኒ ሙሉ ውሃ ሲያስቀምጡላት፣ ሳትነካው ውሎ ሲያድር "ውሃ አትወድም" ማለታቸው ትዝ አላቸው።

ወዲያው እንግዶች መጡ። አንድ ሽማግሌ እስስት ካባ ደርበው ከፊት ተቀመጡ። ለምለም አቶ አንዳርጌን አውጥታ አረንጓዴ ጨርቅ ላይ አደረገቻቸው።

"ተለወጥ!" አለቻቸው። በዚያ ዕድሜያቸው አንተ ሲባሉ ክፉኛ ሆድ ባሳቸው።

አልተለወጡም። ቀይ ጨርቅ ላይ አደረገቻቸው። አሁንም ያው ናቸው። እንግዶቹ ተያዩ፤ ማለትም እያንዳንዳቸው በአንድ ጊዜ ሁለት ሁለት እንግዳ አዩ።

"ታሟል እንዴ?" አሉ ሽማግሌው። "እኛ አገር ቃሉን የሚያጥፈውን፣ ጠዋትና ማታ የተለያየውን 'ሰው' እያልን አይደል የምንሰድበው? ይሄ ግን አንድ ዓይነት ነው።"

"አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይለምዳል" አለች ለምለም። አፍራለች። አቶ አንዳርጌም ስላሳፈሯት አዘኑ። የገዛ ጌታዋን ያሳፈረች በቅሎ ይመስል ራሳቸውን ደፉ።

ከዚያ ገበታ ቀረበ። ሰፌድ ሙሉ ዝንብ። ለምለም ሦስቱን አንድ ላይ ድብልብል አድርጋ ወደ አፋቸው አመጣች።

"ጾም ነው" አሉ አቶ አንዳርጌ በሆዳቸው።

"ጾም ነው" አለች ለምለምም፣ የሰማቻቸው ይመስል። "በእኔ ቤት ፍልሰታን እንቁላል ውስጥ ያለ እንኳ ይጾማታል። እህል የሚባል ነገር ደጃፌን አያልፍም። ዝንብ ብቻ ነው። በል እንካ የእኔ ጌታ።"

አቶ አንዳርጌ ተቆጡ። "እኔ ዝንብ አልበላም! እንጀራ ስጪኝ!" ለማለት አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ። ድምፅ ግን የለም። ለምለም ክፍት አፍ ብቻ ነው ያየችው።

"እዩልኝ! እዩልኝ!" አለች በደስታ። "አፉን ከፈተልኝ! ጉርሻ ለመደ!"

ዝንቡን አጎረሰቻቸው። እንግዶቹ አጨበጨቡ።

አቶ አንዳርጌ ዝንቡን ጉንጫቸው ውስጥ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ለካስ ለምለም አፏን ትከፍት የነበረው እየጮኸችባቸው ኖሯል። ድምፅ ስላልተሰጣት አፏን ብቻ ትከፍታለች። "አትንኩኝ" ስትላቸው አጎረሷት። "ይሄ ምግቤ አይደለም" ስትላቸው አጎረሷት። "ፈራሁ" ስትላቸው፣ ያን ትልቅ እጃቸውን አቅርበው እየሳቁ አጎረሷት። በሕልማቸው አለቀሱ። ለምለም እንባቸውን አየችና ቅጠል ላይ ያለ ጠል መስሏት በምላሷ ጠጣችው።

ደከሙ። ሐኪም ቤት ተወሰዱ። እዚያ ሐኪሞቹ ናቸው በሽተኛ ለማግኘት የተሰለፉት። "አባቴ፣ ከሌሊት ጀምሮ ነው የቆምኩት፤ እባክዎ እኔ ልመርምርዎ" እያሉ ልብሳቸውን ይጎትታሉ። አንደኛው ገፍቶ ገባ። ምላሱን ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ወርውሮ ግንባራቸው ላይ ለጠፈና ትኩሳታቸውን ለካ።

"ምን እየሰጠሽው ነው?" ሲል ለምለምን ጠየቃት።

"የማልሰጠው ምን አለ! ከእጄ አይወርድም። እንግዳ ሲመጣ አሳየዋለሁ። በእጄ አጎርሰዋለሁ።"

"ታዲያ አኩርፎ ነው። አብልጠሽ እቀፊው።"

አብልጣ አቀፈቻቸው። ጠዋት ታቅፋለች፣ ቀትር ላይ ታቅፋለች። እንጀራ እያሰኛቸው፣ የሰው ድምፅ እያሰኛቸው፣ እቅፍ ውስጥ መነመኑ። ቆዳቸው መጀመሪያ ገረጣ፣ ቀጥሎ አመድ መሰለ፣ በመጨረሻም እየጠቆረ ሄደ። ካባ የደረቡት ሽማግሌ ሊጠይቁ መጥተው ሳጥኑን ሲያዩ ብድግ አሉ።

"ተለወጠ!" አሉ።

"ተለወጠ! ተለወጠ!" አሉ ሁሉም። ለምለም እልል አለች። ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ መጣ፤ እስስት ሲሮጥ ታይቶ አይታወቅም፣ ያን ቀን ግን ሮጡ። ጭፈራው ቀለጠ። አቶ አንዳርጌ መካከል ላይ ሆነው እየሞቱ ነበር፤ ሲሞቱም እንኳን ደስ አለሽ ይባልላቸዋል።

ለምለም ከጭፈራው ነጥላ ወሰደቻቸውና ደረቷ ላይ አስጠጋቻቸው። ልቧ ድው ድው ሲል ሰሙት። ክፋት የለባትም። ክፋት ቢኖርባት ረግመዋት ያርፉ ነበር። ትወዳቸዋለች፤ እንደ ዐይኗ ብሌን ታያቸዋለች፤ እየገደለቻቸው ያለችውም በዚሁ ነው። አቶ አንዳርጌ ይህን ሲያውቁ አዘኑ፤ ለራሳቸው ይሁን ለእሷ መለየት አቃታቸው።

የቀረቻቸውን አቅም ሁሉ አሰባሰቡ። "ለምለም" አሉ። "እኔ ነኝ። አንዳርጌ ነኝ። አሁን ከእንቅልፌ እነሣና ሽቦውን እከፍተዋለሁ። ፌንጣ ይዤ እመጣለሁ፣ ጾምም ቢሆን። ከወንዙ ዳር የተረፈ ዛፍ አለ፤ እሱ ላይ አድርጌሽ ዞር እላለሁ። አልነካሽም። ከሩቅ እንኳ አላይሽም። ብቻ እስክነቃ ጠብቂኝ።"

ለምለም አንደኛውን ዐይኗን አፋቸው ላይ ተከለች። ሌላኛው ዐይኗ ሰፌዱን ይፈልጋል።

"አዩት" አለች ተከትለዋት ለመጡት ሽማግሌ፣ ፊቷ በፍቅር በርቶ። "ደግሞ ራበው።"

አቶ አንዳርጌ እየቃተቱ ነቁ።

ዝናቡ አባርቷል። ሶፋው ወለሉ ላይ ነው፤ አምፖሉም ቦታው። ከሶፋው እየተንደፋደፉ ተነሥተው ወደ ሽቦው ሳጥን ዞሩ። ሳጥኑ ተከፍቷል። ለምለምን አንድ ቀን በጣታቸው ነክተዋት የማያውቁት ወይዘሮ እታለማሁ ሳጥኑ ፊት ተንበርክከዋል። በአንድ እጃቸው ለምለምን እንደ አራስ ልጅ ይዘዋታል፤ አጠገባቸው የተቀቀለ እንቁላል ያለበት ሳህን አለ።

"እታለማሁ! ተዪያት!" አሉ አቶ አንዳርጌ።

"ቀስ በል እባክህ፣ እንዳታስደነግጣት" አሉ ወይዘሮ እታለማሁ በሹክሹክታ። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። "አንተ ስታንቀላፋ ብቻዋን ኩርምት ብላ ሳያት አንጀቴን በላችው። የንስሐ አባቴ ያሉትን ይበሉኝ፣ ጾሙን አስፈታኋት። አስኳሉን በእጄ ነው ያጎረስኳት፣ በዚህ በእጄ! ስቀርባት እንዴት አድርጋ አፏን እንደከፈተችልኝ ብታይ! እኔን እኮ እንደ ጠላት ነበር የምታየኝ።"

"ዋጠችው?"

"ገና ነው" አሉ ወይዘሮ እታለማሁ፣ ጀርባዋን በአውራ ጣታቸው እያሻሹ። "ጎበዝ ናት፣ ትውጣለች። አፏን እስካሁን አልዘጋችውም።"