የሚልኬሳ ማወዳደሪያ መዝገብ

በየመሥሪያ ቤቱ ድስት ሲያማርጥ ጦሙን የሚያድር አንድ ሰው አይጠፋም። ሲግናል አካባቢ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለችው ጠባብ የሶፍትዌር ቢሮ ይህንን ማዕረግ የያዙት ክቡር ኢንጂነር ሚልኬሳ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃያ ስምንት፣ ሙያቸው ፕሮግራም መጻፍ ነው። የሚውሉት ግን ፕሮግራም የሚጻፍባቸውን ሶፍትዌሮች ሲያወዳድሩ ነው። ከጎናቸው የምትቀመጠው ፌበን «አንተ» ነው የምትላቸው፤ እኛም በእሷ እንሂድ።

ሰኞ ኔትቢንስን ይጭናል። ረቡዕ «ኤክሊፕስ ሳይሻል አይቀርም» ብሎ ኔትቢንስን ያጠፋዋል። ዓርብ ደግሞ መገናኛ ወርዶ ቪዥዋል ስቱዲዮ ያለበት ሲዲ ይዞ ከች ይላል። የቢሮው ባለቤት ጋሽ ወንድይራድ «ሥራውስ፣ ልጄ?» ሲሉት መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«መጀመሪያ መሣሪያው ይስተካከል!»

ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ መዝገብ አለው። በማስመሪያ ሰንጠረዥ ያሰምርና የእያንዳንዱን ሶፍትዌር ጠባይ ይጽፋል። የቢሮው ኮምፒውተሮች አሮጌ ስለሆኑ «ለመክፈት የሚፈጀው ጊዜ» የሚለውን በደቂቃ አይለካም። «አንደኛው እስኪከፈት ሳምቡሳ ገዝቼ ተመለስኩ፤ ሌላኛው እስኪከፈት ገዝቼም በልቼም ተመለስኩ» ብሎ ይመዘግባል።

ትልቁ ፈተና ግን የመብራት ነው። ጊዜው መብራት በፈረቃ የሆነበት፣ ዝናብ ሲመጣም የሚጠፋበት ጊዜ ነበር። ሚልኬሳ በመስኮቱ እንጦጦን ያያል፤ ደመና ባሕር ዛፉን ሲሸፍነው «ተዘጋጁ!» ይላል። መብራቱ ሄዶ ሲመለስ፣ ሴቭ ያልተደረገውን ጽሑፍ የትኛው ሶፍትዌር እንዳስታወሰ ያጣራል። አንድ ቀን ደመናው እምቢ ሲለው ራሱ ሶኬት ነቀለ። የነቀለው ግን የራሱን ሳይሆን የፌበንን ነበር፤ የጠዋት ሥራዋ ድራሹ ጠፋ።

«ምን በደልኩህ?» አለችው።

«ይቅርታ ፌቢዬ! ግን አየሽ? አላስታወሰም!» ብሎ መዘገበ።

ከዚያ ወንበሩን አስጠግቶ የጠፋውን ሁሉ መስመር በመስመር እየነገረ መልሶ አጻፋት። ለካ ጠዋቱን ሙሉ ሲያይ የነበረው የእሷን ስክሪን ኖሯል። ፌበን ልቧ የተያዘው የዚያን ቀን ነው።

ከሥራ ሲወጡ እስከ መገናኛ በእግር አብረው ይሄዳሉ። እሱ ስለ መሣሪያዎቹ ያወራል፤ እሷ ሌላ ቃል ትጠብቃለች። «ኮተቤ! ኮተቤ! የሞላ!» የሚለው የረዳቱ ጩኸት ሁልጊዜ ይቀድመዋል። ታክሲው ሲንቀሳቀስ ዞራ ታየዋለች፤ እዚያው እንደቆመ ነው። ናፍቆት ርቆ ለሄደ ሰው ብቻ ይመስላት ነበር። ነገ ጠዋት አጠገቧ የሚቀመጠውን ሰው እንዲህ መናፈቅ መኖሩን ማን ነግሯት?

በዚህ መሀል አንድ ነጋዴ እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ከቤተሰቦቿ ጋር ቀጠሮ ያዘ።

«መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» አሉ እናቷ ወይዘሮ ዲንቄ። «ሌላ ሰው ካለሽ አሁኑኑ ንገሪኝ። ከሌለሽ እሺ በይ።»

ፌበን ምን ትበል? ያላት ሰው መሣሪያ እያስተካከለ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት አላስቻላትም። «እሑድ እኛ ቤት ሽማግሌ ይመጣል» አለችው፣ ከስክሪኗ ቀና ሳትል።

ሚልኬሳ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ እኮ... ገና አልጨረስኩም» አለና መዝገቡን ወደ እሷ ገፍቶ ደረጃውን ወረደ።

በንዴት ገለጠችው። ገና አልጨረስኩም! ኔትቢንስ፣ ኤክሊፕስ፣ እንደገና ኔትቢንስ... የመጨረሻው ገጽ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሰንጠረዡ ያው ነው፤ ከላይ የተጻፉት ግን የሰው ስሞች ናቸው፦ አጎቱ ኦቦ ሂርጳ፣ ጎረቤቱ አቶ በዳዳ፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ወንጌላዊ ተሾመ።

«ለመክፈት የሚፈጀው ጊዜ፦ ኦቦ ሂርጳ ከምርቃት ስለሚጀምሩ፣ ረጅም።»

«ሲቋረጡ ካቆሙበት ይቀጥላሉ? አቶ በዳዳ ይቆጣሉ።»

«ከወይዘሮ ዲንቄ ጋር ይግባባሉ? ወንጌላዊ ተሾመ በጣም። ግን የልጅቷን ስም ሊረሱ ይችላሉ።»

የገጹን ቀን አየች፤ ስምንት ወር አልፎታል። ይህ ሰው ስምንት ወር ሙሉ ወደ እሷ ቤት የሚልከውን ሽማግሌ ሲያወዳድር ነው የከረመው።

ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። በመስኮቱ ስታይ ሚልኬሳ ከታች፣ ሳምቡሳ ሻጯ አጠገብ፣ ምንም ሳይገዛ ቆሟል። እስክሪብቶ አነሣችና ከሰንጠረዡ ሥር በትልልቁ ጻፈች፦

«ማንም ይምጣ። ብቻ ቅዳሜ ይሁን፤ እሑድ ይረፍዳል።»