ጭረት ያልነካው ወለል

ቅዳሜ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ፣ በሳሎናችን ውስጥ የተገኙት የሚከተሉት ናቸው፦ አባቴ፣ ሰብሳቢ፤ እናቴ፣ የመናገር እንጂ የመወሰን መብት የሌላት ምክትል ሰብሳቢ፤ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ተከሳሽ ወገን፤ እንዲሁም ሁለቱ ድመቶቿ፣ ሻለቃና ወይዘሪት። ሻለቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተኝቷል። በስብሰባው ላይ አንድም ስሕተት ያልሠራ እሱ ብቻ ነው።

የተሰበሰብነው ስለ አዲሱ ወለል ነበር። ከሦስት ቀን በፊት አናጢው ጠንካራ እንጨት አንጥፎ፣ ቫርኒሽ ቀብቶ፣ እንደ መስታወት ፊት የሚያሳይ አድርጎት ሄዷል። አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ ተነሣ።

«ይህ ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነው። ሀብት ደግሞ ጠላት አያጣም» አለና ወደ ወይዘሪት ተመለከተ። ወይዘሪት እግሯን ትልስ ነበር።

ውሳኔው ወዲያው ተነበበ። በወለሉ ላይ አንድ የድመት ጭረት ከተገኘ፣ ድመቶቹ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ከቤት ይወጣሉ።

«እነሱ ከወጡ እኔም እወጣለሁ» አለች አክስቴ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእነሱ በቀር የኔ የምትለው የላትም፤ ከእኛ ቤት በቀርም መጠጊያ የላትም።

«እትዬ፣ ነገር አታክርሪ እንጂ!»

«ጥፍራቸውን እቆርጥላቸዋለሁ አልኩህ። ምን ቀረህ?»

«ጥፍር ተመልሶ ይበቅላል። እኛ የምንሻው ዘላቂ መፍትሔ ነው።»

አባቴ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመጋዘን ኃላፊ ነበር። ከዚያ ሥራ ይዞት የወጣው አንድ ጥበብ አለ፤ ያልተሸፈነ ዕቃ እንደተበላሸ ይቆጠራል። የቴሌቪዥናችን ሪሞት በላስቲክ ተጠቅልሏል። ሶፋውም ከተገዛበት ላስቲክ ገና አልወጣም፤ በሙቀት ቀን የተቀመጠ እንግዳ ሲነሣ ቆዳው አብሮት መነሣቱን ዳብሶ ያረጋግጣል።

ዘላቂው መፍትሔ በካልሲ ተጀመረ። ለድመቶቹ የሕፃን ካልሲ ተገዛላቸው። ሻለቃ ሁለት እርምጃ እንደሄደ ተንሸራቶ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ከዚያ አራቱንም በጥርሱ አወለቃቸው።

አባቴ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይደለም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ተረት ይወዳል፤ ቅጠል ስላልነበረው ላስቲክ አመጣ። የመጋዘን ወፍራም ላስቲክ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተነጠፈ፤ በላዩ ምንጣፍ፣ በምንጣፉ ላይ ሌላ ላስቲክ። ወለሉም ከዓይን ሁሉ ተጠበቀ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጣ።

«ወለሉ የታለ?»

«ከሥር ነው» አለ አባቴ በኩራት።

«ታዲያ ምኑን ልይ?»

«እኔ አይቼዋለሁ። ያምራል።»

እናቴ በየጠዋቱ ላስቲኩን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች። ውሃው በጠርዝ በጠርዙ ሾልኮ ይገባል፤ የገባው አይወጣም። በሁለተኛው ወር ቤቱ መሽተት ጀመረ።

«ድመቶቹ ናቸው!» አለ አባቴ።

«የእነሱ መጸዳጃ ጓሮ ነው» አለች አክስቴ። «ና፣ ከፈለግህ አሽትት።»

ቀጥሎ የሳሎኑ በር አልዘጋ አለ። አባቴ በሩ አብጧል ብሎ ከሥሩ አስላገው። በሳምንቱ እንደገና አልዘጋ አለ፤ እንደገና አስላገው። በሦስተኛው ጊዜ አናጢው ራሱ መጣና የላስቲኩን አንድ ጥግ ገለጠ። እንጨቱ ጠቁሯል፤ እንደ ጀልባ ጎብጧል፤ ነጭ ሻጋታም አውጥቷል።

«ጋሼ፣ ማነው እንዲህ ያፈነው? እንጨት እኮ ይተነፍሳል!»

«ድመቶቹ ይሆኑ?»

«ድመት ላስቲክ ታነጥፋለች?»

«እንደው በመላጊያ ቢነካካ አይድንም?»

«የበሰበሰ ምኑ ይላጋል? መነቀል ነው እንጂ።»

አክስቴ ይህን ስትሰማ ወደ ክፍሏ ገባች። በዚህ ቤት ጥፋት ሲገኝ ጥፋተኛው አስቀድሞ እንደሚታወቅ ታውቃለች። ልብሷን በሻንጣ ከተተች፤ ድመቶቹንም በቅርጫት።

አባቴ ግን ፍትሐዊ ሰው ነው፤ ያለ ማስረጃ አይፈርድም። ላስቲኩንና ምንጣፉን አስነሣ፤ መነጽሩን አደረገ፤ ባትሪውን አበራ፤ በጉልበቱ ተንበርክኮ የበሰበሰውን ወለል ጣውላ በጣውላ መረመረው። ሁለት ሰዓት ፈጀ። አክስቴ ቅርጫቱን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ወገቡን ይዞ ተነሣ። ፊቱ በርቷል።

«አንድም ጭረት የለም!» አለ። «አላልኳችሁም? ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳክቷል።»

እናቴ እንድታጨበጭብ ተጋበዘች፤ አጨበጨበች። አክስቴም ቅርጫቱን ከፈተች።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሠራተኞች መጥተው ወለሉን ነቅለው ወሰዱት።