አሥራ ሁለተኛው ድምፅ

[ጠባብ የጥገና ቤት። መደርደሪያው ሽፋን በሌላቸው ራዲዮኖችና ቴፖች ተጨናንቋል። ባለኪቦርዱ አሮጌ የሙዚቃ ኪቦርድ፣ ሲንተሳይዘር፣ በእጅ ጋሪ እየገፋ ገብቷል። ሲንተሳይዘሩ ከመኪና ባትሪ ጋር በሽቦ ተያይዞ እንደበራ ነው። ጠጋኙ ገመዱን ወደ ራሱ ይስባል፤ ባለኪቦርዱም ወደ ራሱ።]

ጠጋኙ፦ ልቀቅ እንጂ!

ባለኪቦርዱ፦ አይነቀልም ጋሼ! በእናትዎ!

ጠጋኙ፦ እና እንደበራ ልክፈተው? ልታስገድለኝ ነው የመጣኸው?

ባለኪቦርዱ፦ ከጠፋ ይረሳል።

ጠጋኙ፦ ምኑን?

ባለኪቦርዱ፦ ያስቀመጥንበትን ድምፅ ሁሉ። ድሮ አጥፍተነውም ይዞ ያድር ነበር። ባለፈው ወር መብራት አምስት ደቂቃ ቢሄድ ግማሹን ጠራርጎ ረሳው። ከዚያ ወዲህ አጥፍቼው አላውቅም።

ጠጋኙ፦ ወር ሙሉ?

ባለኪቦርዱ፦ ሌሊት ጋቢ በጋቢ ላይ እደርብበታለሁ። የኪቦርዱ መብራት ዓይኔ ውስጥ ነው የምትገባው።

ጠጋኙ፦ [ሆዱን ይዞ ይስቃል] ስንቱን አየሁ! ለአንድ ድምፅ ብለህ?

ባለኪቦርዱ፦ አሥራ ሁለተኛውን አባባ ነው የሠራው። ከሥራ ሲመጣ በር ላይ የሚያፏጨውን ፉጨት፣ ቁርጥ እሱን። እህቴ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ታገባለች። «አባቴ ባይኖር እንኳ ፉጨቱ ሳይቀድመኝ አዳራሽ አልገባም» ብላለች። [ከኪሱ ካሴት ከነሽፋኑ ያወጣል] ይቺንም ይዣለሁ። አባባ «ከረሳ አሰማው» ብሎኝ ነበር።

ጠጋኙ፦ ማንን?

ባለኪቦርዱ፦ ኪቦርዱን።

ጠጋኙ፦ ኪቦርድ ጆሮ አለው?

ባለኪቦርዱ፦ እኔ እንጃ። እሱ ነው ያለው።

[ጠጋኙ ካሴቱን መደርደሪያው ላይ ባለ ቴፕ ይከትተዋል። ጥርርርር! ጭጭጭጭ! ጆሮውን ይዞ ያጠፋዋል።]

ጠጋኙ፦ የተበላ ካሴት! [ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ይወረውረዋል]

ባለኪቦርዱ፦ ቴፑ ግን ጥሩ ይሠራል።

ጠጋኙ፦ ባለቤቱ ጥሎት የጠፋ ነው። ሰው እንዲህ ነው ወንድሜ፤ ዕቃውን ይሰጥሃል፣ ይረሳል። እኔ ግን አንድ ዕቃ፣ አንድ ደንበኛ ረስቼ አላውቅም።

ባለኪቦርዱ፦ [ቴፑን ትክ ብሎ እያየ] እሺ ጋሼ።

[ካሴቱን ከመጣያው ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ጠጋኙ ገመዱን ላጥ ያደርገዋል። የኪቦርዱ መብራቶች ሁሉ ድርግም ይላሉ።]

ባለኪቦርዱ፦ ጋሼ!

ጠጋኙ፦ አትጩህ! ሠላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ። [በካቻቢቴ ይከፍተዋል] ሚሞሪው ደህና ነው። ይቺን ታያለህ? ሳንቲም የምታክል ባትሪ። ኪቦርዱ ሲጠፋ ሚሞሪውን የምታቆየው እሷ ናት። አልቃለች። [የመበየጃ ካውያውን አግሎ በአዲስ ይተካታል፤ መልሶ ያበራዋል] ጨርሻለሁ! ከእንግዲህ አይረሳም!

ባለኪቦርዱ፦ [አሥራ ሁለትን ይጫናል። ምንም የለም።] የሚረሳው ምን ቀረና?

ጠጋኙ፦ [አሥራ አንድን፣ አሥራ ሦስትን ይሞክራል። ላብ ላብ ይለዋል።] ስንት ሰዓት ሆነ?

ባለኪቦርዱ፦ ስምንት ተኩል።

ጠጋኙ፦ እኔ ራሴ መጥቼ ባፏጭላትስ? [ያፏጫል፤ ትንፋሽ ብቻ ይወጣዋል]

ባለኪቦርዱ፦ አባባ ጥርስ ነበረው።

[ባለኪቦርዱ ካሴቱን በእጅጌው ይጠርጋል፤ ቴፑን አውርዶ ካሴቱን ያጠነጥናል፤ ከኪቦርዱ ጀርባ የካሴት ሥዕል ካለበት ቀዳዳ ጋር በገመድ ያገናኘዋል። ጥርርርር! ጭጭጭጭ! የኪቦርዱ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ፤ ከዚያ ረግተው ይበራሉ። አሥራ ሁለትን ይጫናል። ረጅም፣ ለስላሳ ፉጨት ቤቱን ይሞላዋል።]

ባለኪቦርዱ፦ [ዓይኑን እየጠረገ] እሱ ነው። እንዴት ናፍቆኛል!

ጠጋኙ፦ ለካ ያ ሁሉ ጩኸት ድምፆቹ ነበሩ?

ባለኪቦርዱ፦ አባባ ሁሉንም ወደ ካሴቱ ገልብጧቸው ኖሯል።

ጠጋኙ፦ ታዲያ ይህ እያለህ ባትሪ ጭነህ ጋሪ ስትገፋ ምን አለፋህ?

ባለኪቦርዱ፦ «አሰማው» አለኝ እንጂ ሲሰማ አይቼው አላውቅማ!

ጠጋኙ፦ [የካሴቱን ሽፋን አንስቶ ያነባል] «ልጄ፣ ጠጋኙ እንቢ እያልከው ነቅሎ ሲያጠፋው ይህን አሰማው።» እንዴ! አባትህ እኔን የት ያውቀኛል?

ባለኪቦርዱ፦ [ቴፑን ብብቱ ሥር ያደርጋል] በዚህ ቴፕ። እንዲሠሩለት ከሰጠዎት ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ጠጋኙ፦ ምን ብዬው ነበር?

ባለኪቦርዱ፦ [ጋሪውን ወደ በሩ እየገፋ] «ነገ ና» ብለውት ነበር። ይኸው መጣሁ።