ባዶ ወንበር ይዞ የመጣው አውቶቡስ

እኛ ደብረ ታቦሮች መናኸሪያ ስንገባ "በስንት ሰዓት ይነሣል?" ብለን አንጠይቅም። "ስንት ሰው ቀረው?" ነው የምንለው። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ሁለት ሰው ብቻ!" እነዚያ ሁለት ሰዎች እነማን እንደሆኑና ምን ይዟቸው እንደሚዘገዩ እስካሁን የደረሰበት የለም። እናንተም መቼም ጠብቃችኋቸው ታውቃላችሁ። ትገባላችሁ፤ መኪናው ሊሞላ ምንም አልቀረው፤ ደስ ይላችኋል። ትንሽ ቆይቶ ከጎናችሁ የነበረው ሰውዬ ተነሥቶ ይወርዳል። ከፊታችሁ ያለችውም ትከተለዋለች። ለካ ተሳፋሪ መስለው እንዲቀመጡ የተደረጉ የመናኸሪያው ሰዎች ናቸው፤ እዚህ እናንተን አጽናንተው ሲጨርሱ ቀጣዩን መኪና ሊያሟሉ ይሄዳሉ። ተናዳችሁ ልትወርዱ ትነሡና ወንበራችሁ ያሳሳችኋል። ተመልሳችሁ ትቀመጣላችሁ።

ይህ የሚያናድደው የተሳፈረውን ነው። መንገድ ዳር የቆመው ግን ያሳዝናል። ከመነሻው ጢም ብሎ የወጣ መኪና ለማን ብሎ ይቆማል?

እታለም የምላት ታላቅ እህቴ የምትኖረው በእብናት መንገድ ዳር ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ልጄ ክርስትና በተነሣችበት ቀን ነጭ ለብሳ ከማለዳ ጀምሮ መንገድ ዳር ቆማ ዋለች። መኪናው ሁሉ ሞልቶ አለፋት። "ወንድምዓለም፣ እጄን ባነሣ ባነሣ የሚቆም ጠፋ" አለችኝ በስልክ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። ልጅቷን ይዤ ልምጣ ስል ደግሞ "በዚያ ትርምስ ሕፃን ይዘህ? አታደርገውም! እኔ እመጣለሁ" ትላለች። ይኸው ልጅቷ ጥርስ አበቀለች፤ መራመድ ጀመረች። እታለም አሁንም በስልክ "ማንን ትመስላለች?" ትለኛለች። "አንቺን" እላታለሁ። ናፍቆት ስልክ ላይ ብዙ አያናግርም።

እንዲህ እንዳለን የከተማው አስተዳደር የአውቶቡስ ባለንብረቶችንና እኛን ተሳፋሪዎችን ለስብሰባ ጠራን። የስብሰባን ነገር ታውቃላችሁ፤ ባለንብረቱ አስተዳደሩን ይከስሳል፣ አስተዳደሩ ባለንብረቱን፣ ከዚያ ሻይ ይመጣል። የዚያን ቀን ግን ሁለቱም መካሰስ ሰልችቷቸው ነው መሰለኝ ተስማሙ። አስተዳደሩ ለአውቶቡሱ የራሱን መቆሚያ ሊሰጥና ሌላ መኪና እንዳይሻማበት ሊጠብቅ፣ ባለንብረቶቹም አውቶቡሱን ሞላም አልሞላም በሰዓቱ ሊያስነሡ፣ በየመንገዱ የቆመውንም ሊያነሡ። ተሳፋሪ መስሎ መቀመጥም ቀረ ተባለ። እኔም ተነሥቼ "ሰዓት ከተባለ ሰዓት ነው! ማንም ይሁን ማን አንዲት ደቂቃ እንዳይጠበቅ!" ብዬ ጮኽሁ። ተጨበጨበልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ለእታለም ደውዬ "ወንበር ያለው አውቶቡስ ከእብናት ይመጣልሻል፤ ወጥተሽ ቁሚ" አልኋትና መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅሁ። አውቶቡሱ በሰዓቱ ከተፍ አለ። ጥቂት ሰዎች ወረዱ። እታለም የለችም።

"በየመንገዱ ሰው ቆሟል" አለኝ ሾፌሩ ግራ ገብቶት። "ክላክስ አደረግሁ፣ ቀስ አልሁ። እጁን የሚያነሣ ጠፋ! እንዲያውም ወደ ኋላ እየሸሹ ያሳልፉኛል።"

ደወልሁላት። "እታለም፣ አውቶቡሱን አላየሽውም?"

"አየሁት እንጂ! ባዶውን መጥቶ አለፈ። የኮንትራት መኪና ነው ብዬ እጄን አወረድሁ። ባዶ መኪና ለእኛ ይቆማል እንዴ፣ ወንድምዓለም?"

ወንበር አለው ስላት እሷ የታያት አንድ ወንበር ነው፤ ያውም ከኋላ፣ ከጆንያ ጋር። ለካ መታለፍም ይለመዳል።

አስተዳደሩና ባለንብረቶቹ እንደገና ተሰበሰቡ። በገበያ ይነገር ተባለ፣ ተነገረ። ሰው ግን የሚያምነው የሚያየውን ነውና በመጨረሻ የተገኘው መላ ምን ይመስላችኋል? እነዚያ የተባረሩት ተቀማጮች ተለምነው ተመለሱ! አውቶቡሱ የኮንትራት እንዳይመስል በየመስኮቱ ተደረደሩ። ድሮ ውሸቱን እንድናምን ይቀመጡ የነበሩ ሰዎች አሁን እውነቱን እንድናምን ተቀመጡ። እኔም ዓርብ እብናት አድሬ ቅዳሜ ጠዋት ከእነሱ ጋር መስኮት ይዤ ተሰየምሁ።

እታለም ነጭ ለብሳ፣ ትንሽ ዘንቢል ይዛ ቆማለች። ጸጉሯ መሸበቱን ያየሁት ያኔ ነው። በመስኮቱ ክንዴን አውጥቼ "እታለም!" አልሁ። እጇን አፍራ እንደምትለምን ሰው በከፊል አነሣች። አውቶቡሱ ቆመ።

ተሳስመን ተቀመጠች። ባዶዎቹን ወንበሮች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከጎኗ ያለውን በእጇ ዳሰሰችው። ደስታ ነው ብዬ ነበር። ሾፌሩ ሊነሣ ሲል ግን "ልጄ፣ ምነው ትንሽ ብትቆይ?" አለችው። "ከኋላ ሰው አይጠፋም።"

"እናቴ፣ ሰዓቱን ማለፍ አንችልም፤ ቃል ገብተናል።"

እታለም ዞራ በኋላው መስታወት ታያለች። አንዲት ሴት ቁልቁል እየሮጠች፣ አንድ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ትመጣለች። እታለም ያንን ሩጫ ታውቀዋለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሾፌሩ በመስታወቱ እኔን አየኝ። ስብሰባው ላይ ነበርና ማን እንደጮኸ ያውቃል። እኔ ደግሞ ልጄ ደጅ ላይ አክስቷን እየጠበቀች መሆኑን አውቃለሁ። ሰዓቴን አላየሁም። በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ "ቀስ በይ፣ እንጠብቅሻለን!" አልሁ።

ስትቀርብ ልጅ አዝላለች። ሁለት ሰው። ለካስ እኛ መናኸሪያ ተቀምጠን የምንጠብቃቸው እነዚያ ሁለት ሰዎች፣ መንገድ ዳር ቆመው እኛን ሲጠብቁ ኖረዋል።