ጭርንቡሎ በሐይቁ ላይ

«ጭርንቡሎ» የምትለዋን ቃል ያልሰማ አለ? አንድ ቀልደኛ ቲክቶክ ላይ ፈጠራት፤ በሳምንቱ የሐዋሳ ሰው ሁሉ ይላት ጀመር። ትርጉሟን ግን ማንም አይጠይቅም። ማን ፋራ ይባል?

እሁድ ከሰዓት ሐይቅ ዳር ስድስት ሆነን ጀልባ ልንሳፈር ስንል፣ ባለጀልባውን «ጀልባው እንዴት ነው?» አልኩት።

«ጭርንቡሎ ነው ወንድሜ!»

ግራ ስጋባ አንዷ ተሳፋሪ፣ «አንተ ደግሞ፣ ጭርንቡሎን አታውቅም?» ብላ ሳቀች። እኔም ስቄ ገባሁ።

ሐይቁ መሃል ስንደርስ ሞተሩ ጠፋ። ውሃ ከወለሉ እየመነጨ ካልሲዬን አራሰው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ጭርንቡሎ ነው ብዬህ ነበር እኮ!»

«እሺ፣ ጭርንቡሎ ማለት ምን ማለት ነው?»

የሳቀችው ልጅም ሳትቀር ሁላችንም ወደ ባለጀልባው ዞርን። እሱም መልሱን ከፊታችን የሚፈልግ ይመስል፣ ተራ በተራ ያየን ጀመር።