ማዘዣ የጠየቁት ጎረቤቴ

በጦርነት መካከል ሕግ ይከበርልኝ የሚል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሶማሊያ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ እኔ ሀርጌሳ በግንበኝነት ስሠራ ጎረቤቴ ነበሩ፤ ድሬዳዋ ያደጉት የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ ጋሽ ዩሱፍ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የመንግሥት ወታደሮች ሊይዟቸው መጡ።

«ዳኛ የፈረመበት የመያዣ ትዕዛዝ የታለ?» አሏቸው ጋሽ ዩሱፍ። «ስሜና ጥፋቴም ይጻፍበት።»

አሥር አለቃው ግራ ተጋባ። «ዳኛው የት ይገኛል?»

«ትናንት እናንተው አስራችሁታል!»

«በል ከዚህ እንዳትነቃነቅ!» ብሎ ወታደሮቹን አስከትሎ የታሰረውን ዳኛ ሊያስፈርም ሄደ።

እኔ አጥሩን ዘልዬ፣ «ጋሼ፣ ምን ይጠብቃሉ? ያምልጡ እንጂ!» አልኳቸው።

«እንዳትነቃነቅ ተብያለሁ።»

«በቃል እኮ ነው! የጽሑፍ ትዕዛዝ መቼ አሳየዎት?»

ትንሽ አሰቡና፣ «ወላሂ፣ ልክ ነህ!» ብለው በጓሮ ወጡ። ድንበር ተሻግረውም ተረፉ። ያዳናቸው ሕጉ ይሁን የሕጉ መጥፋት፣ እኔ ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው።